ሳድና ሲን ሲምታቱ፦ በዶርምና በቤት ውስጥ ድምፅ ስንቀርጽ ኢኮንና ጫጫታን መቀነስ



ውድ እህትና ወንድሞቼ፣ በአሁኑ ጊዜ በጀመዓችን ውስጥ ድምፁን የማይቀርጽ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ሒፍዝ የያዘው የሐፈዘውን በየሳምንቱ ለኡስታዙ በቴሌግራም ይልካል። ደርስ የሚከታተለው ለቀረ ጓደኛው አሳጥሮ ይቀርጽለታል። አጫጭር ማስታወሻ እያዘጋጁ የሚያሰራጩ እህቶች አሉን፤ በኦንላይን ሕፃናትን ቁርኣን የሚያስቀሩም አሉ። ስልክ ሁላችንም እጅ ላይ አለ። ችግሩም የሁላችንም ነው፦ ድምፃችን ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ ከኋላው ደግሞ በር ይንኳኳል፣ ሰው ይስቃል፣ ውኃ ይወርዳል።

ባለፈው ሴሚስተር ኡስታዜ የላክሁላቸውን ቂርኣት ሰምተው እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፦ «ልጄ፣ ያልከው ሳድ ነው ወይስ ሲን? መዱንስ ሁለት ነው የሳብከው ወይስ አራት? እኔ የምሰማው አንተን ሳይሆን የክፍልህን ግድግዳ ነው።»

በዚህ ጽሑፍ ስልክ፣ ብርድ ልብስና ትንሽ ጥንቃቄ ብቻ ይዘን ምን ማድረግ እንደምንችል አሳያችኋለሁ፤ ዕቃ ግዙ አልልም። ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፦ ድምፅ የሚስተካከለው ከመቀረጹ በፊት ነው። ከተቀረጸ በኋላ የምናስተካክለው በጣም ጥቂት ነው። ይህን የተማርኩት ከክፍል አይደለም።

ያበላሸሁት ቀረጻ

የ2ኛ ዓመት የክረምት እረፍት ላይ ወሎ፣ የተወለድኩበት ቀበሌ ነበርኩ። ልጅ ሳለሁ ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት እውላለሁ፤ ከዐስር በኋላ ደግሞ ሸኻችን ዘንድ ለውሄን ይዤ እቀመጣለሁ። አሊፍን ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። በዚያ ክረምት በጣም አርጅተው አገኘኋቸው። «ሸኽዬ፣ ጁዝ ዐምማን ከነማብራሪያው ልቅረጽዎት» አልኳቸው፤ ደስ ብሏቸው ፈቀዱ።

«እዚሁ ቤት ብንቀመጥ አይሻልም ወይ ልጄ?» አሉኝ። ቤታቸው የሳር ክዳን ያለው የጭቃ ቤት ነው፤ መሬቱ ላይ ሰሌንና ቁርበት ተነጥፏል፣ ጥግ ላይ ጆንያዎች ተደርድረዋል። እኔ ግን በኢንጂነሪንግ ተማሪነቴ ተመክቼ አዲሱን የመስጊድ አዳራሽ መረጥኩ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ምንጣፍ ገና አልገባለትም። ስልኩን አፋቸው ሥር መደቀን ደግሞ ነውር መስሎኝ 2 ሜትር ያህል አርቄ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት።

1 ሰዓት ተኩል ቀረጽኩ። ማታ ኢርፎን ሰክቼ ስሰማው ቃሉ በደንብ የሚለየው ጥቂቱ ብቻ ነው። የቀረው አንዱ ድምፅ በሌላው ላይ እየተደረበ የሚያስተጋባ ነገር ሆኗል፤ መጨረሻው ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ጭራሽ ጠፋ። ግቢ ተመልሼ ሦስት ሌሊት በላፕቶፕ ታገልኩት፤ አልተመለሰም። «በሚቀጥለው ክረምት እንደግመዋለን» አልኩ። በሚቀጥለው ክረምት ሸኻችን ወደ አኺራ ሄደው ነበር። አላህ ይዘንላቸው።

ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ በኋላ ስለ ድምፅ ማንበብ ስጀምር ነው። ከዚህ በታች ያለው ያኔ ባውቀው ኖሮ የምለው ነው።

ጫጫታና ኢኮ ይለያያሉ

ብዙዎቻችን ሁለቱንም «ድምፁ አይጠራም» ብለን እናልፋለን። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ስለሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ጫጫታ የእኛ ያልሆነ ድምፅ ነው፦ የኮሪደር ወሬ፣ ጄኔሬተር፣ መኪና፣ የላፕቶፕ ማራገቢያ። እኛ ብንናገርም ዝም ብንልም አለ። ኢኮ ግን የራሳችን ድምፅ ነው፤ ግድግዳና ወለል ላይ ነጥሮ ዘግይቶ ወደ ማይኩ የሚመለሰው። እኛ ዝም ስንል እሱም ጥቂት ቆይቶ ዝም ይላል።

መለያው ቀላል ነው። የምትቀርጹበት ቦታ ላይ ስልኩን ከፍታችሁ 10 ሰከንድ ዝም በሉ። ያ ላይ የሚሰማው ሁሉ ጫጫታ ነው። ቀጥሎ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ጅራት ኢኮ ነው። በኢርፎን ስሙትና የበዛው የትኛው እንደሆነ እወቁ።

ግድግዳው ድምፁን እንዴት ይመልሳል?

ድምፅ በአየር ውስጥ በ1 ሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። የገደል ማሚቶ ራሱን ችሎ ተለይቶ እንዲሰማ ገደሉ ቢያንስ 17 ሜትር ያህል መራቅ እንዳለበት በፊዚክስ ተምረናል። ዶርማችን እንዲህ ሰፊ አይደለም። በዶርም ውስጥ የሚሆነው ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ በ1 ሰከንድ ውስጥ ብዙ አሥር ጊዜ እየነጠረ፣ የተመለሰው ሁሉ እርስ በርሱ እየተደረበ እንደ ጅራት መጎተቱ ነው። በተለምዶ «ኢኮ» የምንለው ይህንን ነው።

ይህን ጅራት መጀመሪያ በትክክል የለካው ዋላስ ሳባይን የተባለ ወጣት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲው አዲስ የመማሪያ አዳራሽ ሠርቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ መምህሩ የሚናገረውን ተማሪው መለየት አቃተው። ሳባይን ቢለካው አንድ ድምፅ ከቆመ በኋላ ከ5 ሰከንድ በላይ እየተሰማ ይቆያል። ታዲያ ሌሊት ሌሊት ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ እያስመጣ ወደ ክፍሉ ያስገባ፣ ትራስ በጨመረ ቁጥር ጅራቱ ምን ያህል እንደሚያጥር በሰዓት ይለካ፣ ከመንጋቱ በፊትም ትራሶቹን ወደ ቦታቸው ይመልስ ነበር። ከዚህ ልፋት የወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራበታል። በ1900 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽም በእሱ ስሌት የተሠራ ነው።

ቀመሩ እንዲህ ነው፦ የክፍሉን ይዘት በ0.161 እናባዛለን፤ ውጤቱን በክፍሉ ውስጥ ላለው ጠቅላላ የመምጠጥ አቅም እናካፍላለን። የሚገኘው ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪቀንስ ድረስ የሚፈጅበት ሰከንድ ነው።

በዶርም እንሞክረው። ክፍሉ 5 ሜትር በ4 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ነው እንበል። ይዘቱ 60 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ የግድግዳው፣ የወለሉና የጣሪያው ስፋት ሲደመር 94 ካሬ ሜትር። ልስን ግድግዳና ሲሚንቶ ወለል ከሚያርፍባቸው ድምፅ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚመጡት፤ የቀረውን ይመልሳሉ። ስለዚህ የመምጠጥ አቅሙ 94 በ0.03 ሲባዛ 2.8 ገደማ ነው። 60 በ0.161 ሲባዛ 9.66፤ ይህ ለ2.8 ሲካፈል 3.4 ሰከንድ ይሰጠናል። ባዶ ዶርም ማለት ይህ ነው። አልጋው፣ ፍራሹ፣ ልብሱና ሰዉ ገብቶበት የመምጠጥ አቅሙ ወደ 12 ቢያድግ ጅራቱ ወደ 0.8 ሰከንድ ይወርዳል።

0.8 ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሰው ሲናገር በ1 ሰከንድ ውስጥ 10 ያህል የፊደል ድምፆች ከአፉ ይወጣሉ። ስለዚህ የአንዱ ፊደል ጅራት ሳያልቅ ተከታዮቹ ላይ ያርፋል። ለተራ ወሬ ይህ አያስቸግርም፤ ጆሯችን ከዐውዱ ይሞላዋል። ለቂርኣት ግን ያስቸግራል። ሳድና ሲን ሁለቱም የሰፊር ፊደላት ናቸው፤ በዋናነት የሚለያቸው የሳድ ወፍራምነት ነው፣ እሱም አጠገቡ ባለው ሐረካ ላይ ይሰማል። የቀደመው ፊደል ጅራት በዚያ ላይ ከተነጠፈ ልዩነቱ ይደበዝዛል። መድም እንዲሁ ነው፦ አንባቢው ቢያቆምም ክፍሉ ስለማያቆም ኡስታዙ ሁለት ይሁን አራት ሐረካ መቁጠር ያቅታቸዋል። ሱኩንና ቀልቀላም የሚታወቁት ድምፁ በሚቆረጥበት ቅጽበት ነው፤ ኢኮ ያንን ቅጽበት ይሸፍነዋል።

አንደኛው መፍትሔ፦ መቅረብ

ከሁሉም የሚረክሰውና ከሁሉም የሚበልጠው መፍትሔ ይህ ነው። ከአፋችን በቀጥታ ወደ ማይኩ የሚሄደው ድምፅ ርቀቱ በግማሽ ባጠረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። ኢኮው ግን ክፍሉን ሁሉ ሞልቶ ስለሚገኝ ስልኩን ብናቀርብም ብናርቅም ያው ነው። ስልኩን ከ80 ሴንቲ ሜትር ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ስናቀርብ ቀጥተኛው ድምፅ በኢኮው ላይ የ12 ዴሲቤል ብልጫ ያገኛል። ከጫጫታውም ላይ እንዲሁ።

ሌላም ጠቃሚ ስሌት አለ። በእያንዳንዱ ክፍል ቀጥተኛው ድምፅና ኢኮው እኩል የሚሆኑበት ርቀት አለ። ከላይ ባየነው ባዶ ዶርም ያ ርቀት 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ዕቃ ባለበት ዶርም ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከዚያ ርቀት ማዶ ያለ ስልክ የሚቀርጸው በአብዛኛው ክፍሉን ነው። እኔ ሸኻችንን በ2 ሜትር ርቀት፣ ለዚያውም ከዶርም በሚሰፋና በሚያስተጋባ አዳራሽ መቅረጼን አስቡት። የኡስታዜ ንግግር ቀልድ አልነበረም ማለት ነው።

እንግዲህ ልኩ አንድ ስንዝር ነው፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር። ከዚህ በላይ ብንቀርብ ትንፋሻችን ማይኩን ይመታዋል፤ በተለይ «በ»፣ «ፈ» እና «ተ» ስንል ይፈነዳል። ስለዚህ ስልኩን በቀጥታ ከአፍ ፊት ሳይሆን ወደ ጉንጭ በኩል ትንሽ ገደድ አድርጋችሁ አቁሙት። የአብዛኞቹ ስልኮች ዋና ማይክ ቻርጀር ከሚሰካበት አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ናት። እሷን ወደ አፋችሁ አዙሩ፤ በጣታችሁ ወይም በስልኩ ሽፋን አትድፈኗት።

ስልኩን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አታጋድሙት። ከጠረጴዛው የሚነጥረው ድምፅ ከቀጥተኛው ጋር ተገናኝቶ ድምፃችሁን የቆርቆሮ ድምፅ ያስመስለዋል። መጽሐፍ ደራርባችሁ፣ ላዩ ላይ የታጠፈ ፎጣ አድርጋችሁ፣ ስልኩን ወደ አፍ ከፍታ አምጡት። ይዛችሁ የምትቀርጹ ከሆነ እጃችሁ አይንቀሳቀስ። ሽቦ ያለው ኢርፎን ያላችሁ በእሱም መቅረጽ ትችላላችሁ፤ ማይኩ ልብስ ወይም ሒጃብ ላይ እንዳይፋተግ ብቻ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። የብሉቱዝ ኢርፎን ግን ማይኩ ሲከፈት የድምፅ ጥራቱ ስለሚወርድ ለቂርኣት አልመክረውም።

ሁለተኛው መፍትሔ፦ ለስላሳ ነገር መክበብ

ሳባይን ትራስ እንዳስገባው እኛም ብርድ ልብስ እናስገባለን። ድምፅ የሚመጠጠው አየር ሊገባበት በሚችል፣ ወፍራምና ለስላሳ ነገር ነው፦ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ የተሰቀለ ልብስ። የሳር ክዳንም እንዲሁ ነው። ሸኻችን «እዚሁ ቤት» ያሉት ክፍል ሳሩ፣ ቁርበቱ፣ ሰሌኑና ጆንያው ተደምረው ከዚያ ውብ አዳራሽ እጅግ የሚሻል ስቱዲዮ ነበር።

በዶርም ውስጥ የሞከርኩትና የሠራልኝ አቀማመጥ እንዲህ ነው። ተደራራቢ አልጋ ካለ የታችኛው አልጋ ላይ ተቀመጡ። ከላይኛው አልጋ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ በሁለት ወገን እንደ መጋረጃ አውርዱ። ከላይ የላይኛው ፍራሽ፣ ከታች የራሳችሁ ፍራሽ፣ ከጎን ጨርቁ ይከብባችኋል። ፊታችሁን ወደ ተንጠለጠለው ጨርቅ መልሱ። የግድግዳው ወገን ባዶ እንዳይሆን ትራስ አስደግፉበት። ተደራራቢ አልጋ ከሌለ ጋቢ ከራስ በላይ ተከናንቦ መቀመጥም ይሠራል፤ ሆቴል ውስጥ የሚያድሩ የሬዲዮ ጋዜጠኞች ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው ዘገባ የመቅረጽ ልማድ አላቸው። ጨርቁ ፊትን እንዳይነካና እንዳይንኮሻኮሽ ብቻ ተጠንቀቁ።

ብርድ ልብሱን ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉ ከሆነ ከግድግዳው ጋር አታጣብቁት፤ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ። ስስ ጨርቅ የሚመጠው የቀጠነውን ድምፅ ነው። ወፍራሙን ድምፅ ለመምጠጥ ውፍረት ወይም ከኋላው የአየር ክፍተት ያስፈልጋል። ስስ ነጠላ ብቻ የሰቀለ ሰው ፉጨቱ ጠፍቶለት ጉርምርምታው የሚቀርበት ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ለምትቀርጹ ደግሞ መኝታ ቤት ከሳሎን ይሻላል፤ ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን ተከፍቶ ፊት ለፊቱ መቅረጽም ጥሩ ነው። ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ግን ሴራሚክ ስለሆኑ አይሞከሩም። ቤተሰቡ መኪና ካለው፣ ጸጥ ያለ ቦታ ቆሞ ሞተሩ የጠፋ መኪና ወንበሩ ሁሉ ስፖንጅ ስለሆነ በጣም ጥሩ ክፍል ነው።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ በየቦታው ይታያል። ካርቶኑ ስስና የተጠቀጠቀ ወረቀት ስለሆነ የሚመጠው ጥቂት ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ድምፅንም አያግድም። በዚያ ልፋት አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ይበልጣል።

ጫጫታን መከላከል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ብርድ ልብስ ኢኮን ይመጣል እንጂ ከኮሪደር የሚመጣን ወሬ አያግድም። ድምፅን የሚያግደው ከባድ ነገርና የተደፈነ ቀዳዳ ነው። በር ዝጉ፣ ከበሩ ሥር ፎጣ ጠቅልላችሁ አስገቡ፣ መስኮት ዝጉ። ከዚያ በላይ ግድግዳ መጨመር ስለማንችል የቀረን ሦስት ነገር ነው፦ ምንጩን ማጥፋት፣ ሰዓት መምረጥና መቅረብ።

ምንጩን ማጥፋት፦ የላፕቶፑን ማራገቢያ ከስልኩ አርቁ። በሽቦ ማይክ ስትቀርጹ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ የመብራት መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ቻርጀር ዝቅ ያለ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ወደ ቀረጻው ያስገባል። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ያለዚያ በሱረቱ መሐል የጓደኛ ሜሴጅ ይገባል።

ሰዓት መምረጥ፦ በእኛ ዶርም ጸጥ የሚለው ተማሪው ክፍል በሚገባበት ጊዜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ድረስ ነው። ማታ ብዙው ሰው ላይብረሪ ሲሆንም ይመቻል። ከሱብሒ በኋላ ያለው ጊዜ ለሰሚው ጸጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን የተኙ የክፍል ጓደኞች ሐቅ አላቸው። የእነሱን እንቅልፍ ቆርጠን የምንቀርጸው ቂርኣት ምን በረካ ይኖረዋል? ሙስሊምም ይሁኑ አይሁኑ አስቀድመን «ለ10 ደቂቃ ልቅረጽ» ብለን እናስፈቅድ። እኔ ስጠይቅ እንቢ ያለኝ የለም፤ እንዲያውም በር ላይ ቆሞ ሰው የሚያስቆምልኝ አለ።

አዛን ሲጀምር ቀረጻውን አቁሙ። ከአዛን ጋር ተሽቀዳድሞ የሚቀረጽ ነገር የለም። ሙአዚኑን ተከትላችሁ መልሱ፣ ስገዱ፣ ከዚያ ትቀጥላላችሁ።

የቀረጻው ቅደም ተከተል

1. በር ዝጉ፣ ፎጣውን አስገቡ፣ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ።
2. ብርድ ልብሱን አውርዱ፤ ስልኩን በአንድ ስንዝር ርቀት ገደድ አድርጋችሁ አቁሙ።
3. አጨብጭቡና የሙከራ 20 ሰከንድ ቅረጹ። በኢርፎን ስሙት። ይህን ሳትሰሙ ወደ ዋናው አትለፉ።
4. የድምፁን መጠን እዩ። የመቅረጫው አፕ መለኪያ ካለው ጠንከር ያለው ድምፃችሁ ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ላይ ይሁን። ዜሮን ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ አይጠገንም።
5. ዋናውን ስትጀምሩ መጀመሪያ 10 ሰከንድ ዝም በሉ። ይህ ጸጥታ በኋላ በላፕቶፕ ለማጽዳት ያስፈልጋል።
6. ከተሳሳታችሁ ሁሉንም አትድገሙ፤ ጥቂት ዝም ብላችሁ ከአያው መጀመሪያ ቀጥሉ፤ ስሕተቱ በኋላ ይቆረጣል።
7. ከቻላችሁ በቴሌግራም የድምፅ ሜሴጅ ፋንታ በመቅረጫ አፕ ቀርጻችሁ ፋይሉን ላኩ። የድምፅ ሜሴጅ መጠኑን ለማሳነስ ድምፁን ይጨምቀዋል።

ሶፍትዌር ምን ይችላል፣ ምን አይችልም?

አውዳሲቲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ጫጫታ የሚቀንስበት መንገድ አለው። ያንን የ10 ሰከንድ ጸጥታ መርጣችሁ «ጫጫታው ይህ ነው» ትሉታላችሁ፤ እሱም ያንን ዓይነት ድምፅ ከሙሉ ቀረጻው ላይ ይቀንሳል። እንደ ማራገቢያ ላለ አንድ ዓይነት ለሆነ ድምፅ ጥሩ ነው። የበር መንኳኳትንና የሰው ወሬን ግን አያውቀውም። መጠኑን ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል አድርጉት። ከዚያ ካለፈ ድምፁ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥም የመኪናና የጠረጴዛ ጉርምርምታን ያስወግዳል፤ ድምፃችንን አይጎዳም።

ቂርኣት ላይ ግን ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በተጅዊድ የሀምስ ፊደላትን ተምረናል፤ ከእነሱ ጋር ትንፋሽ ይወጣል። ያ ትንፋሽ ለሶፍትዌሩ ልክ እንደ ጫጫታ ነው። ፋና ሣ ደግሞ ከሁሉም ፊደላት ደካማ ድምፅ ካላቸው ናቸው፤ አብዝቶ ሲጸዳ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ካጸዳችሁ በኋላ እነዚህን ፊደላት ለይታችሁ ስሙ።

ኢኮን ማውጣት ከዚህም የከፋ ነው። ጫጫታ ከእኛ ድምፅ የተለየ ነገር ስለሆነ ናሙናው ይወሰዳል፤ ኢኮ ግን የራሳችን ድምፅ በራሳችን ድምፅ ላይ የተደረበ ነው። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠሩ አዳዲስ መሣሪያዎች በዚህ በኩል ብዙ ለውጥ አምጥተዋል። የማይሰማውን ግን በግምት እንደሚሞሉ አትርሱ። ለማስታወቂያና ለአጭር ማስታወሻ ምንም አይደለም። የአላህ ቃል ላይ ግን ሲን የነበረውን ሳድ አስመስሎ ሊያወጣ የሚችል መሣሪያ አማና የሚሰጠው አይደለም። ኡስታዙም የሚያርሙት የመሣሪያውን ስሕተት ሳይሆን የእኛን ስሕተት መሆን አለበት።

ለመጪው እረፍት አንድ አደራ

ብዙዎቻችን ለእረፍት ወደየአገራችን እንሄዳለን። በየመንደሩ ያስቀሩን ሸኾች፣ የድሮ ታሪክ የሚያውቁ አያቶች፣ መንዙማ በቃላቸው የያዙ ሽማግሌዎች አሉ። ያላቸው እውቀት አብዛኛው አልተጻፈም። ስልክ ይዘን እንሄዳለን፤ እንቀርጻለንም። እባካችሁ እንደ እኔ አትሁኑ።

መጀመሪያ አስፈቅዱ፤ ለምን እንደምትቀርጹና ለማን እንደምታሰሙ ንገሯቸው። ከዚያ እሳቸው በለመዱት ቤት ተቀመጡ። ምንጣፍ፣ ቁርበት፣ ፍራሽ ያለበት ክፍል ከአዳራሽ ይሻላል። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ዝናቡ ሳይመጣ ጠዋት ቅረጹ። ስልኩን ማቅረብ ነውር አይደለም፤ «ድምፅዎ እንዳይጠፋብኝ ነው» ብትሏቸው ራሳቸው ይይዙላችኋል። ከእጃቸው መንቀጥቀጥ ድምፅ እንዳይገባ ግን ትራስ ላይ አስደግፉት። 2 ደቂቃ ቀርጻችሁ ስሙ፤ ልክ ከሆነ ቀጥሉ። ማታውኑ ቅጂውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። «በሚቀጥለው ዓመት» አትበሉ።

ራሳችሁን ፈትሹ

1. ክፍላችሁ ውስጥ ዝም ስትሉም የሚቀጥል ድምፅ እና ዝም ስትሉ የሚቆም ድምፅ አለ። ኢኮ የትኛው ነው? ብርድ ልብስ የሚረዳው ለየትኛው ነው?
2. ስልኩን ከ60 ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ብታቀርቡት ድምፃችሁ በኢኮው ላይ ስንት ዴሲቤል ያተርፋል?
3. የራሳችሁን ዶርም ለኩና ባዶውን ምን ያህል ሰከንድ እንደሚያስተጋባ አስሉ። ከዚያ አጨብጭባችሁ ከጆሯችሁ ጋር አመሳክሩት።

ያን የተበላሸ ቀረጻ እስካሁን አልሰረዝኩትም። ከሚሰማው ጥቂት ክፍል ውስጥ ሸኻችን አንዷን አያ ሁለት ጊዜ ደግመው ይቀሩልኛል፤ ልጅ ሳለሁ ስሳሳት እንደሚያደርጉት። ሌላ የለኝም። ለእናንተ ከዚህ የተሻለ እንዲቀርላችሁ አላህ ያግራላችሁ።